«ተመስገን» ከአሥር ስንት ነው? ለምርምር ገንዘብ መዳቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ እንዲሁም በየዩኒቨርሲቲው የምርምር ገንዘብ ለምትመድቡ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። ይህን ስናገር ሰው ወይ «ፊዚዮ ነሽ ማለት ነው?» ይለኛል፣ ወይ ወገቡን ይዞ «እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ ብታሺኝ» ይላል። «የሙያ ሕክምና» ብለው የተረጎሙትም አሉ። ያኔ ደግሞ ሰው ሥራ የምናስቀጥር ይመስለዋል። ግን እኮ ሙያ የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ሌላ ትርጉምም አለው። «ልጅቷ ባለሙያ ናት» ሲባል ወጧ ይጣፍጣል፣ እንጀራዋ ዓይን ያወጣል ማለት ነው። ለእኔ ሥራ የሚቀርበው ይሄኛው ነው። ሰው ከታመመ ወይም ከተጎዳ በኋላ መብላቱን፣ መልበሱን፣ መጋገሩን፣ ከብቱን ማሰማራቱን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን እንዴት መልሶ እንደሚያደርገው አብረነው መላ እንፈልጋለን። ፊዚዮቴራፒስቱ ክንዱ እንዲነሳ ይሠራል። እኔ ደግሞ በክንዱ ምን ሊያደርግ እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ብዙ ገንዘብ አይደለም። ግን በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ስትሮክ መቷቸው ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። እንጀራ እየጋገሩ ሸጠው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሐኪሞቹ የደም ግፊታቸውን አስተካከሉ፤ ፊዚዮቴራፒስቱ አቆማቸው። ትንሽ ቆይቶ በከዘራ መራመድ ጀመሩ። ካርዳቸው ላይ ሲታይ ጥሩ ውጤት ነው።

አንድ ቀን ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘችኝና «እማዬ ከእኛ ጋር መብላት ትታለች» አለችኝ። ምግብ ሲቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። «ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ሁሉም በልቶ ሲነሳ ልጅቷ ጓዳ አስገብታ ታጎርሳቸዋለች።

ግራ እጃቸውን ማለማመዱ ያን ያህል አልከበደንም። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንጀራ ቆርሰው ሽሮ ጠቅልለው ማንሳት ቻሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ማለት ነው። ቤታቸው ስሄድ ግን ያው ግድግዳ ነው። «በግራ እጄ? ሰው ፊት?» አሉኝ። ግራ እጅ ለምን እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። ማዕድ ላይ አይዘረጋም። ለብቻዎ ትንሽ ሰሃን እናድርግልዎት አልኳቸው። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?» ብለው ተቆጡኝ። በማንኪያ ቢሆንስ አልኩ። ማንኪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ዝም አሉ።

መላውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ እኔም በተጠራሁበት ገበታ፣ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው የመሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ልክ እንግዳ እንደሚያስቀምጡ። ከዚያ በግራቸው ቆረሱ። «ቀኙ ገበታው ላይ እስካለ ድረስ ግራው ቢያግዘው ምን ነውር አለው?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው በሉ። እኔ ፈዝዤ ሳያቸው የያዝኩት ጉርሻ ቀዘቀዘ።

ነገሩ ዘዴ ብቻ አይደለም። ስትሮክ የመታው ክንድ ተንጠልጥሎ ከዋለ ትከሻን ወደ ታች ይጎትታል፤ ያማል። ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግን ይደገፋል። ዓይን ሥር ስለሚሆንም አይረሳም። እኛ ይህን ለተማሪ የምናስተምረው በትራስና በጠረጴዛ ነው። እሳቸው ነውርን ሲሸሹ ደረሱበት።

ግን ይህ የአንድ ቤት ወሬ ነው። ለሌላው ይሠራል ወይ? አማት ባለችበት ቤት ይሠራል? ሠርግ ላይስ? በቀኝ እጅ መብላት የሃይማኖት ትእዛዝ በሆነበት የሙስሊም ቤተሰብ ምን ይባላል? ከወር በኋላ ይቀጥላል ወይስ ሰውየው ወደ ግድግዳው ይመለሳል? አላውቅም። ለማወቅ ሰባት ገጽ ፕሮፖዛል ጻፍኩ። ሠላሳ ቤተሰብ፣ ስድስት ወር፣ በወር አንድ የቤት ጉብኝት። አብዛኛው ወጪ የታክሲና የባጃጅ ነበር። ጠቅላላው የአንድ ዎርክሾፕ አበልና የሻይ ቡና ወጪ አይሞላም።

ያስገባሁበትን ቢሮ ስም አልጠራም። በጽሑፍ የመጣው መልስ «ከቅድሚያ መስኮች ጋር አይጣጣምም» የሚል ነበር። በቃል ያገኘሁት መልስ ግን የበለጠ ግልጽ ነው። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ፣ በጥሩ ፊት፣ «እኅቴ፣ አበላል ደግሞ ምኑ ይጠናል?» አለኝ።

በሰውየው አልተናደድኩም። ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነው። እስቲ ልመልስለት።

ባርተል ኢንዴክስ የሚባል፣ ሰው የዕለት ኑሮውን ምን ያህል ራሱን ችሎ እንደሚያከናውን የሚለካ ፎርም አለ። ፍሎረንስ ማሆኒ የተባሉ ሐኪምና ዶሮቲያ ባርተል የተባሉ ፊዚዮቴራፒስት አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተሙት። አሥር ጥያቄ አለው፤ ውጤቱ ከ100 ነው። ቀላል ነው፤ ጠቃሚም ነው። ዛሬም ዓለም ይሠራበታል፤ እኛም እንሠራበታለን። ስለ መብላት በሚጠይቀው ላይ፣ ምግብ ለመቁረጥና ቅቤ ለመቀባት እገዛ የሚፈልግ ሰው ከ10 ነጥብ 5 ያገኛል። ቅቤው የሚቀባው ዳቦ ላይ ነው እንግዲህ።

ጀማሪ ሳለሁ ፎርሙን ቃል በቃል እየተረጎምኩ እጠይቅ ነበር። አንድ አዛውንት ፊት ቁጭ ብዬ «አባባ፣ ቅቤ መቀባት ይችላሉ?» አልኳቸው። ቆባቸውን አወለቁ። ራሳቸው መላጣ ነው። «ምኑ ላይ ልቀባው ልጄ?» ዎርዱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ፎርሙ ላይ 5 ጻፍኩ። ለምን 5? እንጃ። አንድ ቁጥር መጻፍ ነበረብኝ።

እኚሁ አባት ደረጃ መውጣት ላይ ዜሮ አገኙ። 10 ነጥብ በረረ ማለት ነው። ቤታቸው ደረጃ የለውም፤ ሰፈራቸውም የለም። ያላቸው ከወንዝ ወደ ቤት የሚወስድ ዳገት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጉልበት ድረስ ይውጣል። ያንን ዳገት ይወጡት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ ፎርሙ ላይ የለማ። እኔም አልጠየቅኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላላክክም።

ጉርሻንም አስቡት። ፎርሙ በሰው እጅ መብላትን የሚያውቀው ራስን አለመቻል አድርጎ ነው። እኛ ጋ ባለ ሙሉ ጤና ሰውም ይጎረሳል፤ ያውም «አንዱ ያጣላል» ተብሎ ይደገማል። ታዲያ ልጃቸው ያጎረሰቻቸው እናት የቱ ጋ ነው ራሳቸውን የማይችሉት፣ የቱ ጋ ነው የተወደዱት? ድንበሩን እኛ ካልፈለግነው ማን ይፈልግልናል?

ከካናዳ የመጣ ሌላ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሟል። እሱን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ከታካሚው ነው የሚጀምረው። «ከዕለት ኑሮዎ ምኑ ነው ያስቸገረዎት?» ይላል። ከዚያ ግን ከ1 እስከ 10 ቁጥር እንዲሰጡት ይጠይቃል። ከመሶቡ እሑድ በፊት በእኚያ እናት ላይ ሞክሬው ነበር።

«እማማ፣ አሁን አበላልዎ ላይ ያለዎት እርካታ ከአሥር ስንት ነው?»

«ተመስገን።»

«እሺ፣ በቁጥር ቢነግሩኝ?»

«ተመስገን አልኩሽ እኮ።»

ተመስገን ስንት ነው? ሁለትም ሊሆን ይችላል፣ ዘጠኝም። ሰው ቤቱ ተቃጥሎበትም ተመስገን ይላል። ማማረር ፈጣሪን ማስቀየም ነው፣ ደግሞም ሊረዳህ የመጣን ሰው ማሳፈር ነው። የካናዳው ወረቀት ይህን ከየት ያውቃል?

አንዲት ባልደረባዬ መላ አመጣች። ቁጥሩን ትተን አሥር ፍሬ ሽምብራ ሰፌድ ላይ ደረደርን። «ደስ የሚልዎትን ያህል ወደ እኔ ይግፉ» አልናቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሦስት ሽምብራ ገፉ። ሰባቱን በግራ መዳፋቸው ሸፈኗቸው። ያን ቀን ተመስገን ሦስት ነበር።

ሽምብራው እውነቱን ይናገራል ብዬ መማል እፈልጋለሁ። ግን አልችልም። ምናልባት አዛኝ ፊት ስላየች ያደረገችው ይሆናል። ምናልባት ሌላ ቀን፣ ሌላ ጠያቂ ፊት ሌላ ቁጥር ትገፋ ይሆናል። (ስለ እሳቸው እያወራሁ አንቺ ማለት ጀመርኩ፤ ይቅርታ፣ እናቴን አስታውሰውኝ ነው።) ይህ የሚለየው ሲጠና ነው። ብዙ ሰው ላይ፣ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ጠያቂ። አበላል ምኑ ይጠናል ላለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ሙያው ውጭ አገርም ማስረጃ ይዞ አልተወለደም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1917 ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ የኒው ዮርክ ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። አንዱ አርክቴክት ነበር፤ ራሱ ታሞ የዳነ። ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ ይሻለዋል ብለው ያምኑ ነበር። እምነት ነበር እንግዲህ። ማኅበሩ እያደገ ሲሄድ ግን እምነት ብቻ እንደማያዛልቅ ገባቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ለሙያው ምርምር ድጋፍ የሚያሰባስብ የራሱ ቤት ሆነ። ሐኪም ቤቶች ከሚተርፋቸው ላይ እስኪጥሉላቸው አልጠበቁም።

ከዚያ ምን ተገኘ? አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃማ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የሎስ አንጀለስ 361 አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። በሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፍሎረንስ ክላርክ የተመራ ነው። ሰዎቹን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ከኦኩፔሽናል ቴራፒስት ጋር ስለ ዕለት ኑሮው፣ ስለ ውሎው፣ ስለ አውቶቡስ አያያዙ ሳይቀር እየተነጋገረ ዘጠኝ ወር ቆየ። ሁለተኛው ተሰባስቦ ተጫወተ፣ ፊልም አየ፣ ሽርሽር ወጣ። ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። የመጀመሪያው ቡድን በጤናም፣ በሥራ አቅምም፣ በሕይወት እርካታም ተሻለ። እኔን የገረመኝ ሁለተኛው ነው። ተሰባስበው የተጫወቱት ሰዎች ምንም ካልተደረገላቸው አልተሻሉም።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። «እናንተ እኮ ሰው ማጫወት ነው ሥራችሁ» ለሚለን ሁሉ መልስ ነው። ማጫወት ብቻውን አልሠራማ! ግን መልሱ የሎስ አንጀለስ መልስ ነው። ሰፈራችን ቡና ጠጪ ነው፣ ዕድርተኛ ነው፣ ማኅበርተኛ ነው። እኛ ጋ ተሰባስቦ መዋል ብቻውን ጤና ይሰጥ ይሆን? እዚህ ውጤቱ ቢገለበጥ አይገርመኝም። ቢገለበጥ ደግሞ ዓለም ከእኛ ይማራል።

የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሌላም ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ወጪ በየዓይነቱ አዩት። በልብ ድካም፣ በሳንባ ምችና በልብ ድንገተኛ ሕመም ተኝተው የወጡ ሰዎች ተመልሰው እንዳይተኙ ከሚያደርግ ነገር ጋር ተያይዞ የተገኘው ወጪ አንድ ብቻ ነበር፤ ለኦኩፔሽናል ቴራፒ የወጣው። ዝምድና ነው እንጂ ምክንያትና ውጤት አላሳየም፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ግን አልጋ እጥረት ሌት ተቀን ለሚያስጨንቀው የጤና ሚኒስቴር ቢያንስ ጆሮ የሚያስቆም ይመስለኛል።

አገራችን ይህን መንገድ አታውቀውም ማለት አይቻልም። አዲስ አበባ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ለተሃድሶ (ከሕመም ወይም ከጉዳት በኋላ አቅምን ለመመለስ) እና ለሥልጠና ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ አጠገቡ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተተከለ። ታካሚው እዚህ፣ ላቦራቶሪው እዚያው አጠገቡ። ሥጋ ደዌ ደግሞ የእኛን ሙያ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። በሽታው ነርቭ ይጎዳል፤ እጅ ትኩስና ቀዝቃዛ መለየት ያቆማል። እናቲቱ የጋለ ድስት በእጇ ታወርዳለች፤ አልተሰማትም። ቁስሉን የምታየው ማታ ነው። ድሮ ጣት በበሽታው በራሱ ተበልቶ የሚያልቅ ይመስል ነበር። ሕንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ ግን የሰዎቹን ውሎ ተከታትለው፣ ብዙውን ጉዳት የሚያመጣው ሳይሰማ የሚደርስ ቃጠሎና ቁስል እንደሆነ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የድስት ጆሮ በጨርቅ ወይም በእንጨት ተሸፈነ፤ ማታ ማታ እጅን ማየት ትምህርት ሆነ። ጣት ያዳነው «ይቺ ሴትዮ ድስት እንዴት ነው የምታወርደው?» የሚል ጥያቄ ነው። አበላል ምኑ ይጠናል ከሚለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርና በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የፕሮጀክት ገንዘብ ማብቂያ ቀን አለው። የውጭ አጋር ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የራሱ ጥያቄ አለው። ስለ መሶብና ስለ ግራ እጅ የሚጠይቀው እዚህ የበላ ሰው ነው። ለዚያ ከራሳችን ኪስ የወጣ፣ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ብር ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ውስን እንደሆነ አውቃለሁ። ወባ አለ፣ ቲቢ አለ፣ በወሊድ የሚሞቱ እናቶች አሉ። ከእነሱ ቀንሱ አልልም። የምጠይቀው በጣም ያነሰ ነው። የተሃድሶ ሕክምና በምርምር ቅድሚያ ዝርዝራችሁ ውስጥ አንድ መስመር ይግባ፤ እንደኔ ዓይነት ፕሮፖዛል «አይጣጣምም» ተብሎ ሳይነበብ እንዳይመለስ። የዓለም ጤና ጉባኤ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 አገሮች ተሃድሶን የጤና ሥርዓታቸው አካል እንዲያደርጉ ወስኗል፤ ምርምሩንም ጨምሮ። በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ሰው ተሃድሶ የሚጠቅመው ችግር እንዳለበት የተገመተ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ እናንተም ቤት ይኖራል።

ደግሞ ትንንሽ ገንዘብ ይኑር። ሁለት ገጽ ተጽፎ የሚጠየቅ፣ በሁለት ወር መልስ የሚያገኝ። ለትልልቁ ፕሮጀክት የተሠራው ፎርም ለባጃጅ ወጪ ሲሞላ ያደክማል።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚቸግረን ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ፕሮፖዛሉን የጻፍኩት ሌሊት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ካልተቻለ ግማሽ ቀን፣ ለምርምር ተብሎ በደብዳቤ ቢሰጠን ሌላ ሳንጠይቅ ብዙ እንሄድ ነበር። አሁን አንዱ ቴራፒስት የአራቱን ሥራ ይዞ፣ ያየውን የሚጽፍበት ሰዓት የለውም። ሽምብራው እንኳ ያለው በቃል ወሬ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ነገ ሥራ ብትለቅ አብሯት ይሄዳል።

መለኪያዎቹን በተመለከተ፣ መተርጎም ብቻ አይበቃም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ተተርጉሞ፣ ተመልሶ ተተርጉሞ፣ ሰው ላይ ተፈትኖ፣ የቅቤው ጥያቄ ወጥቶ የእንጀራው ገብቶ መሠራት አለበት። ይህ ዓመታት የሚወስድ አሰልቺ ሥራ ነው። ጋዜጣ ላይ አያወጣም፤ ሪባን አይቆረጥለትም። ለዚህ ነው እናንተን የምለምነው። ሌላ የሚሠራው የለም።

በመጨረሻ፣ ከገምጋሚዎቻችሁ መሃል አንድ ከዘራ የያዘ ሰው ይቀመጥ። ወይም አስታማሚ። የእኔን ሰባት ገጽ ያቺ ኮሪደር ላይ የያዘችኝ ልጅ ብታነበው ኖሮ ምን ትል እንደነበር ሳስበው ትንሽ እጽናናለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናትየው ጋ ሄጄ ነበር። አበላሉ ቀጥሏል። ሽምብራው ስምንት ደርሷል። አሁን የያዛቸው ሌላ ነገር ነው፤ ምጣዱ። ሊጡን በግራ እጅ ከጣሳ ሲያፈሱ ዙሩ ይገለበጥባቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት በለመደው አቅጣጫ አይሄድም። ጣሳውን ግን ለምደውታል። ችግሩ እንጀራው ከምጣዱ ሲወጣ ነው። አንድ እጅ የእንጀራውን ጠርዝ ያነሳል፣ ሌላው ሰፌዱን ሥሩ ያስገባል። ሁለት እጅ ነው የሚፈልገው። ሁለት እንጀራ ቀደዱብኝ፣ አንዱን አቃጠሉ፣ ከዚያ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ መላ አምጪ» አሉኝ።

መላ ገና የለኝም። ከሰፌዱ አንዱን ጠርዝ ምጣዱ ላይ የሚያስይዝ ነገር አንድ አናጺ ጋር እየሞከርን ነው። ፕሮፖዛሉም ስምንተኛ ገጽ ጨምሯል። የት ላስገባው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ